ባትሪው ወደ ኋላ ሲሄድ፦ የድራግ መኪና ኬብልና ግራውንድ አዘረጋግ፣ ከኮምቦልቻ ጋራዥ

ባለፈው ኅዳር አንድ ልጅ አሮጌ ኮሮላ ዲኤክሱን እየነዳ ከደሴ ወደ ጋራዣችን ወረደ። ኮምቦልቻ ግቢያችን ውስጥ ከቆመ በኋላም ሞተሩን አላጠፋም። እያንደቀደቀው ነው የሚያወራኝ።

"ለምን አታጠፋውም?" አልኩት።

"ካጠፋሁት አይነሳማ ጋሼ! ሦስተኛ ባትሪዬ ነው። እዚህ ሲሞቅ አንዳንዴ ይነሳልኛል። ደሴ ጠዋት ግን ወላሂ ንቅንቅ አይልም።"

አስጠፋሁትና ቁልፉን ራሴ አዞርኩ። ሞተሪኖው፣ ማለት ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው፣ "ቀጭ" አለ። ከዚያ ዝም።

ኮፈኑን ስከፍት የባትሪው ቦታ ባዶ ነው። ባትሪው የኋላው ሻንጣ መጫኛ ውስጥ ተጎልቷል። ልጁ የድራግ፣ ማለት የአጭር ርቀት ሩጫ ውድድር፣ መኪኖችን በስልኩ ሲያይ ባትሪያቸው ኋላ እንደሚቀመጥ ልብ ብሏል፤ እሱም ወሰደው። ፖዘቲቩን በጥሩ ወፍራም ገመድ እስከ ሞተሪኖው አምጥቶታል። ኔጋቲቩን ግን በአንዲት ስንዝር ቀጭን ሽቦ ከሻንጣው ወለል ጋር አያይዞታል። ያውም ከነቀለሙ፣ በአንዲት የላሜራ ብሎን።

አልፈረድኩበትም። ባትሪ ቦታ ሲቀይር ሁሉም ሰው የሚጨነቀው ለቀዩ ገመድ ነው። ጥቁሩን "የትም እሰረው፣ ቦዲ ነው" ብሎ ያልፈዋል። ግን ከባትሪው የወጣው ከረንት በሙሉ ሞተሪኖውን አዙሮ ተመልሶ ባትሪው ቤት መግባት አለበት። መሄጃው አስፋልት፣ መመለሻው የፍየል መንገድ ከሆነ መኪናው የሚሄደው በፍየል መንገዱ አቅም ነው። እኔ ጋ "ባትሪ ሞተ" ተብለው ከሚመጡት ስንቱ ግራውንዱ፣ ማለት ይህ መመለሻው መንገድ፣ እንደሆነ ብነግራችሁ አታምኑኝም።

የልጁን መኪና እንዴት እንዳስተካከልነው ከስር እስከ ጫፍ ልንገራችሁ። ለውድድር የሚያዘጋጅ ይጠቀምበታል። ውድድር የማያውቅ፣ ግን መኪናው ጠዋት ጠዋት የምታስቸግረው ሰውም ግማሹን ይወስዳል። አንድ ነገር ብቻ ቀድሜ ልበል፦ ድራግ የሚነዳው በተዘጋ ቦታ ነው። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወስደው የሐረጎ ቁልቁለት ላይ ከነተሳቢው የሚወርድ መኪና አለ፤ እዚያ ልሞክር የሚል ካለ ይህን ጽሑፍ እዚህ ላይ ያቁመው።

ባትሪው ለምን ወደ ኋላ ይሄዳል?

ድራግ ቀጥ ያለ አጭር ሩጫ ነው። ሙሉው ሩብ ማይል ማለትም 402 ሜትር ነው፤ አጭሩ ደግሞ 201 ሜትር። ይህን በምታህል ርቀት ሁሉም ነገር የሚወሰነው ሲነሱ ነው። የሚነዳው የኋላ ጎማ መሬቱን ካልያዘ ጉልበቱ ጭስ ሆኖ ይቀራል። ባትሪ ከ15 እስከ 20 ኪሎ ይመዝናል። ከአፍንጫው አንስታችሁ ኋላ ስታስቀምጡት ፊቱ ያንኑ ያህል ይቀላል፣ ኋላው ይከብዳል። ምንም ሳይጨመር የተገኘ ክብደት ነው።

ያውም በቀኝ በኩል፣ ከኋላው ጎማ አጠገብ። እንደ ድሮው ኮሮላ አንድ ወጥ የኋላ አክስል ያለው መኪና ሲነሳ፣ የካርዳኑ፣ ማለት ጉልበቱን ወደ ኋላ የሚያደርሰው ዘንግ፣ መዞር የቀኙን ጎማ ከመሬት ሊያላቅቀው ይታገላል። ባትሪው እዚያ ሲጫን ትንሽ ይረዳል። ቪትዝ ወይም ሌላ የፊት ጎማው የሚነዳ መኪና ያላችሁ ግን ባትሪያችሁን ከቦታው አታንቀሳቅሱት። እናንተ የምትፈልጉት ክብደት ፊት ነው ያለው።

ጥቅሙ ይህ ነው። ዕዳው ደግሞ ገመዱ ነው። ከአንድ ሜትር በታች የነበረው ኬብል አሁን አምስት ሜትር ይሆናል።

ትንሽ ሒሳብ፣ አትሽሹ

የኬብል ውፍረት እኛ አገር በካሬ ነው የሚጠራው። 16 ካሬ ሲባል የመዳቡ ስፋት 16 ካሬ ሚሊ ሜትር ነው ማለት ነው። ንጹሕ መዳብ በ16 ካሬ አንድ ሜትሩ ወደ 1.1 ሚሊ ኦም ሬዚስታንስ አለው። 35 ካሬ ወደ 0.5፣ 50 ካሬ ደግሞ ወደ 0.35 ሚሊ ኦም።

ቁጥሩ ኢምንት ይመስላል። አሁን ከረንቱን አስገቡበት። ትንሽ የቤንዚን ሞተር የሚያስነሳ ሞተሪኖ 150 አምፔር ቢስብ፣ አምስት ሜትር ሄዶ አምስት ሜትር ሲመለስ ጠቅላላው 10 ሜትር ነው። በ16 ካሬ ከሠራችሁት 1.6 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል። በ35 ካሬ 0.7 ገደማ። በ50 ካሬ ግማሽ ቮልት። ባትሪው ሞተር ሲያስነሳ ራሱ ከ12.6 ወደ 10 ምናምን ይወርዳል፤ ከዚያ ላይ 1.6 ሲቀነስ ሞተሪኖው ጋ የሚደርሰው ምን እንደሆነ እናንተው አስሉት። ኮምፕረሽኑ ከፍ የተደረገ የውድድር ሞተር ደግሞ ከ150 አምፔር በላይ ነው የሚስበው።

የደሴና የኮምቦልቻ ጉዳይም እዚህ ጋ ይገባል። በመካከላቸው ሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር ብቻ ነው ያለው፤ ኮምቦልቻ ግን 1,850 ሜትር አካባቢ ስትሆን ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ትጠጋለች። የኅዳር ጠዋት ብርድ ሁለት ነገር አንድ ላይ ያደርጋል። ባትሪውን ያደክማል፣ ዘይቱን ያወፍራል። ሞተሪኖው የበለጠ ከረንት በሚፈልግበት ሰዓት ባትሪው የሚሰጠው ያንሳል። ኮምቦልቻ ላይ ተደብቆ የሚያልፍ የግራውንድ ችግር ደሴ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይጋለጣል። ልጁ "እዚህ ሲሞቅ ይነሳልኛል" ሲለኝ ግማሹን ምርመራ ጨርሶልኛል።

ስለዚህ ለተራ አራት ሲሊንደር 35 ካሬ ይበቃል። እኔ ግን 50 ነው የምዘረጋው። በአሜሪካ ቁጥር የሚሸጥ ካገኛችሁ ቁጥር 2 ወደ 34 ካሬ፣ 1/0 የሚለው ደግሞ ወደ 53 ካሬ ነው። ቁጥሩ ሲያንስ ገመዱ ይወፍራል፤ በዚህ ብዙ ሰው ይሳሳታል።

ገመድ ስትገዙ

ከሁሉም የምወደው የብየዳ ማሽን ገመድ ነው። ውስጡ እንደ ፀጉር የቀጠኑ የመዳብ ክሮች ናቸው፤ ይተጣጠፋል፣ ንዝረት አይሰብረውም። ኮምቦልቻ ላይ ብረት ቤት ስለሚበዛ አይጠፋም። ድክመቱ ሽፋኑ ዘይትና ሙቀት እንደ መኪና ገመድ አለመቻሉ ነው። ሞተሩ አካባቢ በተቦረቦረ ፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ካስገባችሁት ችግር የለውም። ለቤት መስመር የሚሆነውን ደረቅ ገመድ ግን ለዚህ ሥራ አታስቡት።

አንድ ማጭበርበሪያ አለ። ላዩ መዳብ የተቀባ፣ ውስጡ አሉሚኒየም የሆነ ገመድ። ሲታይ ያው ነው፣ ዋጋው ደግሞ ያጓጓል። መለያው ቀላል ነው። በእጃችሁ መዝኑት፤ አሉሚኒየም ከመዳብ ክብደት ሲሶውን እንኳ አይሞላም። አንድ ክር መዝዛችሁ በምላጭ ፋቁት፤ ከቀዩ ስር ብር የመሰለ ነጭ ከወጣ መልሱት። ከረንት የማሳለፍ አቅሙ ከመዳብ ከመቶ 60 ገደማ ነው።

ሌላው ዕቃ ይኸው፦ ለገመዱ ውፍረት ልክ የሆኑ ካፖኮርዳዎች፣ ማለት ጫፉ ላይ የሚጨመቁት ባለ ቀዳዳ መዳቦች፤ ባለ 10 ሚሊ ብሎን ከነዳዶውና ከነሮንዴላው፤ ላሜራ ለሚያልፍበት ቀዳዳ ሁሉ ጎሚኒ፣ ማለት ገመዱን ከላሜራው ጠርዝ የሚጠብቅ የጎማ ቀለበት፤ በሙቀት የሚጠብቅ ፕላስቲክ፤ ትልቅ የባትሪ ማጥፊያ፤ ፊውዝ ከነቤቱ፤ የብርጭቆ ወረቀት፤ መልቲሜትር። መልቲሜትር የሌለው ሰው ይህን ሥራ አይጀምር። ርካሹም ይበቃል።

አንደኛ፦ ኔጋቲቩን ፍቱ

ሁልጊዜ ጥቁሩ ቀድሞ ይፈታል፣ መጨረሻ ላይ ይታሰራል። ቀዩን ቀድማችሁ ስትፈቱ ቁልፋችሁ ቦዲ ከነካ ባትሪው በቁልፉ በኩል ሾርት ያደርጋል። ጥቁሩ ከተፈታ ግን ቁልፉ የትም ቢነካ ምንም አይመጣም። ቀለበትና ሰዓት አውልቁ። ቀለበቱ በቁልፉና በቦዲው መካከል ሲቀላ ያየሁት ሰው ጣቱ ላይ ጠባሳው ዛሬም አለ።

ሁለተኛ፦ ባትሪውን እሰሩት፣ እሰሩት ስል እሰሩት

ልጁ ባትሪውን በጎማ ገመድ ነበር ያሰረው። የብስክሌት ዕቃ መጫኛዋ ዓይነት። ሃያ ኪሎ ነገር በግጭት ጊዜ ከጀርባህ ሲመጣ አስበው አልኩት። ዝም አለ።

በድራግ ውስጥ ብዙ ሰው የሚከተለው ደንብ የአሜሪካው ናሽናል ሆት ሮድ አሶሲዬሽን ነው። ማኅበሩ በ1951 እ.ኤ.አ. የተቋቋመ ነው፣ ደንቦቹም በአደጋ የተማሩትን የያዙ ናቸው። ባትሪ ቢያንስ በሁለት የ3/8 ኢንች ብሎን ይታሰር ይላል፤ በእኛ 10 ሚሊ ማለት ነው። ሾፌሩ ያለበት ክፍል ውስጥ ባትሪ አይቀመጥም። ሻንጣ መጫኛ ውስጥ ከሆነ ወይ በሻንጣውና በመቀመጫው መካከል የብረት ግድግዳ ይኖራል፣ ወይ ባትሪው አየሩ ወደ ውጭ የሚወጣ ዝግ ሳጥን ውስጥ ይገባል።

የአየሩን ነገር ቀላል አታድርጉት። ባትሪ ሲሞላ ሃይድሮጅን ያወጣል። ከአየሩ ውስጥ 4 በመቶ ከደረሰ ብልጭታ ይበቃዋል። ሻንጣ መጫኛ ደግሞ ዝግ ነው። ከሳጥኑ ክዳን አንድ የጎማ ቱቦ በወለሉ በኩል ወደ ታች አውጡ።

እኛ ከማዕዘን ብረት ትሪ በየድን፤ አራት ማዕዘኑን ከወለሉ ስር ወፍራም ብረት አድርገን በብሎን አሳለፍነው። የወለሉ ላሜራ ብቻውን ብሎን ይዞ አይቆይም፣ ይቀደዳል። ብየዳው ሲሠራ ባትሪው ከመኪናው ወጥቶ ነበር። የመኪናው ኮምፒውተር ካለም ሶኬቱን ንቀሉት።

ሦስተኛ፦ ቀዩ ገመድ የሚሄድበት መንገድ

ይህን ክፍል በትዕግሥት ሥሩ። ከባትሪ ወደ ሞተሪኖ የሚሄደው ዋና ገመድ አብዛኛውን ጊዜ ፊውዝ የለውም። ሞተሪኖው የሚስበው ከረንት ብዙ ስለሆነ ነው። ስለዚህ ይህ ገመድ የትም ቦታ ቦዲ ከነካ የሚያስቆመው ነገር የለም፤ እስኪቀልጥ ይቃጠላል። መከላከያው አዘረጋጉ ራሱ ነው።

በመኪናው ውስጥ በደፉ በኩል፣ ከምንጣፉ ስር መውሰድ ይሻላል። ከስር በሻሲው በኩል የሚወስዱትም አሉ። ከወሰዳችሁት ከጭስ ማውጫውና ከካርዳኑ አርቁት፣ ከወለሉ ዝቅታ በላይ አድርጉት፤ የእኛን መንገድ ድንጋይ አትርሱ። ከቤንዚን ቱቦ ጋር ግን በአንድ ማሰሪያ አትሰሩት። በየ30 ሳንቲም ሜትር ያዙት። ላሜራ በሚያልፍበት ሁሉ ጎሚኒ ይግባ። የተቆረጠ ላሜራ ጠርዝ ማለት ቢላ ነው፤ ንዝረቱ ደግሞ ቀን ከሌት ያርድበታል።

ሞተሩ አጠገብ ስትደርሱ ትንሽ ልል አድርጉት። ሞተር ሲነሳ ይወዛወዛል።

አራተኛ፦ ማጥፊያው፣ እና ዲናሞው የሚሠራው ተንኮል

ባትሪ ቦታውን ከቀየረ ዋና ማጥፊያ ግዴታ ነው ይላል ያው ደንብ። የሚቀመጠውም ከመኪናው ኋላ፣ ከውጭ እጅ በሚደርስበት ነው፤ "ጠፍቷል" የሚለው አቅጣጫ በግልጽ ይጻፋል። የሚገፋና የሚሳብ ዓይነት ከሆነ ሲገፋ ነው መጥፋት ያለበት። ሾፌሩ ራሱን ስቶ ቢሆን የመጣው ሰው ሮጦ ይገፋዋል፤ ለመሳብ ማሰብ አይጠበቅበትም። ፕላስቲክና ባለ ቁልፍ ማጥፊያ አይፈቀድም።

ማጥፊያው በፖዘቲቩ መስመር ላይ ነው የሚገባው፤ ከባትሪው ወደ ማጥፊያው አጭር ገመድ፣ ከማጥፊያው ወደ ሞተሪኖው ረጅሙ።

አሁን ተንኮሉን ስሙ። ሞተሩ እየሠራ ማጥፊያውን ብታጠፉት ሞተሩ ይጠፋል ብላችሁ ትገምታላችሁ። ላይጠፋ ይችላል። ዲናሞው፣ ማለት ባትሪውን የሚሞላው፣ እያመነጨ ነዋ! የዲናሞው ገመድ እንደ ድሮው ፊት ላይ ከሞተሪኖው ጋር ከታሰረ፣ ባትሪው ቢቆረጥም ዲናሞው ለኮይሉ፣ ማለት ለሻማው እሳት ለሚሰጠው፣ እና ለሌላው ሁሉ መብራት ይሰጣል። ማጥፊያው ጌጥ ሆነ ማለት ነው።

መፍትሔው ለዲናሞው ለብቻው ገመድ መዘርጋት ነው። እስከ ኋላ ወስዳችሁ ከማጥፊያው በባትሪው በኩል ባለው ጎን እሰሩት። ከዚያ ማጥፊያው ሲጠፋ ዲናሞው ያለው ባትሪው ጋ ብቻ ነው፤ ኮይሉ ይደርቃል፣ ሞተሩ ይቆማል። 60 አምፔር ለሚሰጥ ዲናሞ 25 ካሬ ተጠቀምን። ይህ ገመድ ማጥፊያው ጠፍቶም ከረንት እንዳለው አትርሱ። ስለዚህ ባትሪው ጫፍ ላይ 80 አምፔር ፊውዝ አስገባንበት። ወደ ፊውዝ ሳጥኑ የሚሄደውም ከማጥፊያው ወዲያ ማዶ የራሱ ፊውዝ ይኑረው።

አምስተኛ፦ ግራውንድ፣ ሥራው ያለበት ቦታ

ወደ ልጁ መኪና ልመለስ። ባትሪው ፊት በነበረ ጊዜ ወፍራሙ ጥቁር ገመድ በቀጥታ የሞተሩ ብረት ላይ ነበር የታሰረው። ባትሪው ሲሄድ ገመዱም አብሮ ሄደ፤ ማንም በምትኩ ሌላ አላሰረም። ሞተር ደግሞ በጎማ ትራሶች ላይ ነው የተቀመጠው። ጎማ ከረንት አያሳልፍም። ታዲያ የሞተሪኖው ከረንት በምን በኩል ሲመለስ ኖሯል?

ባትሪውን በጊዜያዊ ገመድ አበርትቼ ቁልፉን እንዲያዞር ልጁን አዘዝኩት። እኔ ኮፈኑ ስር ነኝ። ሁለት ጊዜ "ቀጭ" ካለ በኋላ ከካርቡራተሩ ጎን ቀጭን ጭስ ወጣ። የቤንዚን ፔዳሉ ሽቦ ነው። ከፔዳሉ ተነስቶ ካርቡራተሩን የሚስበው። ጥቁር ሽፋኑ አንድ ቦታ ላይ ፈልቶ፣ አረፋ ሠርቶ፣ ከውስጡ የብረት ጠመዝማዛው ይታያል። ነካሁትና እጄን መነጨቅኩ። ያ ሁሉ ከረንት በፔዳል ሽቦ ነበር ሲመለስ የከረመው።

"ፔዳሉ ለምን እንደሚከብደኝ አሁን ገባኝ" አለ ልጁ።

እንዲህ ሥሩት። ከባትሪው ኔጋቲቭ ሁለት ገመድ ይውጣ። አንዱ አጭር ነው፤ ወደ መኪናው ጠንካራ ብረት። ሌላው እንደ ቀዩ ወፍራም፣ ያን ሁሉ መንገድ ሄዶ በቀጥታ የሞተሩ ብረት ላይ፣ ከተቻለ ሞተሪኖው ራሱ በታሰረበት ብሎን ላይ ይታሰር። ከዚያ ፊት ላይ ሞተሩንና ቦዲውን የሚያገናኝ ሦስተኛ አጭር ገመድ፣ 16 ወይም 25 ካሬ፣ ይጨመር። ለመብራቱ፣ ለጥሩንባው፣ ለማራገቢያው መመለሻ እሱ ነው።

"ቦዲው ብረት አይደለ እንዴ፣ ለምን አምስት ሜትር መዳብ አባክናለሁ?" የሚል አለ። ክርክሩ እውነት አለው። አዲስና ጤነኛ ቦዲ ሰፊ ስለሆነ ጥሩ አድርጎ ይመልሳል፤ ባትሪያቸውን ከፋብሪካ ኋላ ያደረጉ መኪኖችም በቦዲው ነው የሚመልሱት። የእኛ ኮሮላዎች ግን አርባ ዓመት ያለፋቸው ናቸው። ስንት ጊዜ ተጋጭተው፣ ተቆርጠው፣ ተበይደው፣ ስቱኮ ተለስነው የመጡ። ስቱኮ ከረንት አያሳልፍም። የዛገ መገጣጠሚያም እንደዚያው። በቀለሙ አትታለሉ፤ ከስሩ ያለውን አታውቁትም። ስለዚህ እኔ መዳቡን እዘረጋለሁ።

ማሰሪያው ቦታ ላይ ያለው አሠራር ደግሞ ወሳኝ ነው። ከላሜራ ብሎን ጋር አትጨቃጨቁ፤ ቀዳዳ በስታችሁ ባለ 10 ሚሊ ብሎን በዳዶ አሳልፉ። ከካፖኮርዳው ትንሽ የሰፋ ክብ እስኪሆን ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት ፋቁት፤ ብረቱ እንደ መስታወት ያብረቅርቅ። ካፖኮርዳው ብረቱን በቀጥታ ይንካ። ሮንዴላው ከላይ ነው፣ በመካከል አይገባም። አጥብቁ። ከዚያ በኋላ ግራሶ ቀቡት፣ ወይም ቀለም። ቀድማችሁ አትቀቡ። ልፋታችሁን መልሳችሁ መሸፈን ይሆናል።

የውድድር የማቀጣጠያ ሳጥን ወይም ኮምፒውተር ካለ ግራውንዱን ቀጭን ላሜራ ላይ አትስጡት። በቀጥታ ወደ ሞተሩ ብረት ወይም ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ ይሂድ። የሙቀትና የዘይት ሴንሰር መመለሻን ከማራገቢያና ከነዳጅ ፓምፕ መመለሻ ጋር በአንድ ብሎን አትደራርቡ፤ ፓምፑ በተነሳ ቁጥር ጌጁ ይዘላል።

ስድስተኛ፦ ጫፎቹን መጭመቅ

በመዶሻና በካቻቢቴ የተደበደበ ካፖኮርዳ አይቻለሁ። በሞርሳ የተጫነም አይቻለሁ። በሳምንቱ ይላላል። ትክክለኛው የሃይድሮሊክ መጭመቂያ ነው፤ ካፖኮርዳውን ስድስት ማዕዘን አድርጎ ክሩን ከመዳቡ ጋር አንድ ያደርገዋል። መግዛት የለባችሁም። የሕንፃ ኤሌክትሪክ የሚሠሩ ልጆች ሁሉ አላቸው፤ የሻይ ከፍላችሁ ሁሉንም ጫፍ በአንድ ከሰዓት አስጨምቁ።

ሊድ አቅልጦ መሙላትስ? ብቻውን አይሆንም። የቆርቆሮና እርሳስ ሊድ 183 ዲግሪ ላይ መቅለጥ ይጀምራል፤ ማሰሪያው ከላላና ከጋለ ገመዱ ሾልኮ ይወጣል። ደግሞ ክሮቹን ያደርቃቸዋል፣ ደርቀው ባበቁበት ቦታ ላይ ንዝረት ይሰብራቸዋል። ጨምቃችሁ በሙቀት የሚጠብቀውን ፕላስቲክ አልብሱት፤ ተሳቡት፤ ካልተንቀሳቀሰ አለቀ።

ሰባተኛ፦ መለካት

ጥቁሩን መጨረሻ ላይ እሰሩ። መልቲሜትሩን ወደ ዲሲ ቮልት አዙሩ።

ሞተሩ ካደረ በኋላ ባትሪው 12.6 አካባቢ ካለ ሙሉ ነው፣ 12.2 ከሆነ ግማሽ ነው። ባልተሞላ ባትሪ የሚደረግ ምርመራ ያሳስታል፤ መጀመሪያ ቻርጅ አድርጉት።

የኮይሉን ሽቦ ንቀሉ፣ ሞተሩ እንዳይነሳ። የመልቲሜትሩን አንድ ጫፍ ባትሪው ኔጋቲቭ እርሳስ፣ ማለት ከባትሪው ላይ የወጣው ጉጥ፣ ላይ አድርጉ። ገመዱ ላይ አይደለም፣ እርሳሱ ላይ። ሌላኛውን ጫፍ የሞተሩ ብረት ላይ። አሁን ሰው ቁልፉን ለአራት ሰከንድ ያዙር። መልቲሜትሩ የሚያሳያችሁ መመለሻው መንገድ ላይ የጠፋውን ቮልት ነው። ከ0.3 በላይ ከሆነ እኔ አልቀበልም። ልጁ ይዞት ሲመጣ 2.9 ነበር! ያን ያህል ቮልት ነው በቀለምና በፔዳል ሽቦ ላይ ሲጠፋ የነበረው።

ቀጥሎ ቀዩን። አንዱ ጫፍ የባትሪው ፖዘቲቭ እርሳስ፣ ሌላው የሞተሪኖው ትልቁ ብሎን። እዚህ እስከ 0.5 ድረስ አልፋለሁ። ከበለጠ ደረጃ በደረጃ ፈልጉት፦ ከእርሳስ ወደ ተርሚናል፣ ከተርሚናል ወደ ማጥፊያ፣ ከማጥፊያው አንድ ጎን ወደ ሌላው። ጥሩ መገጣጠሚያ ከ0.1 በታች ነው። ርካሽ ማጥፊያ ብዙ ጊዜ የሚያዘው እዚህ ላይ ነው። ከዚያም መገጣጠሚያዎቹን በእጃችሁ ዳብሱ። የሞቀው እሱ ነው ጥፋተኛው።

አሁን ኮይሉን መልሱና ሞተሩን አስነሱ። ባትሪው ላይ ከ13.8 እስከ 14.5 ካያችሁ ዲናሞው እየደረሰ ነው። በመጨረሻ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ ማጥፊያውን ግፉት። መቆም አለበት። ካልቆመ ወደ አራተኛው ተመለሱ።

የልጁ መኪና ከግራውንድ 0.18፣ ከፖዘቲቭ 0.34 ሰጠን። ሞተሪኖው ሲዞር ድምፁ ራሱ ተቀየረ። የተቃጠለውን የፔዳል ሽቦ በአዲስ ተካነው። ሁለት ሳምንት ሠርቶ ሲመለስ ብሎኖቹን ሁሉ ደግመን አጠበቅን፤ አዲስ መዳብ ስለሚረግብ ይህን አትዝለሉ። ተርሚናሉ ላይ ነጭና አረንጓዴ ዱቄት ከታየ በሙቅ ውሃ በተበጠበጠ ቤኪንግ ሶዳ ይታጠባል፤ በደንብ ደርቆ ይታሰርና ግራሶ ይቀባል።

መኪናውን መጀመሪያ ሠርተን በሰጠነው ማግሥት ጠዋት ልጁ ከደሴ ደውሎ ነበር። አሥራ ሁለት ተኩል ገና አልሆነም።

"ጋሼ፣ በአንድ ቁልፍ!"

"አብሽር" አልኩት፣ ግማሽ እንቅልፍ ላይ ሆኜ። "እነዚያን ሁለት የጣልካቸውን ባትሪዎች የት አደረስካቸው?"

ቤቱ ጓሮ ነበሩ። አመጣቸውና ቻርጅ አድርገን ፈተንናቸው። አንዱ ደህና ነበር፤ ጎረቤቱ ሚኒባስ ላይ ገብቶ እየሠራ ነው። ሁለተኛው ሞተር አያስነሳም፣ ግን ማታ መብራት ሲጠፋ የጋራዣችንን አምፖል እሱ ነው የሚያበራው።